ለእንቅልፍ አፕኒያ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንቅልፍ ላይ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ ሲቆራረጥ አፕኒያ ይባላል። አንዱ መፍትሔ የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ ቆርጦ ወደፊት ማምጣትና በቲታኒየም ማሰር ነው። ከምላስና ከላንቃ ጋር የተያያዘው ሥጋ አብሮ ስለሚሳብ የአየር መንገዱ ይሰፋል። ሕክምናው ከባድ ቢሆንም ለብዙዎች ይሠራል። ታዲያ ስህተቱ የሚበዛው ከቢላው በፊትና በኋላ ነው።

በማንኮራፋት ብቻ መወሰን። የሚያንኮራፋ ሁሉ አፕኒያ የለበትም። መጀመሪያ የእንቅልፍ ምርመራ ያድርጉ። ትንፋሽ በሰዓት ከ5 ጊዜ በታች ከተስተጓጎለ እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ነው።

ሲፓፕን ቶሎ መተው። ሲፓፕ በእንቅልፍ ጊዜ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ጭምብሉ ፊት ላይ ካልተመቸ ሌላ ዓይነት ያስቀይሩ፤ ግፊቱንም ያስተካክሉልዎ። ለብዙ ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና የሚበቃው ይኸው ነው።

ስለ መልክ አለመጠየቅ። ይህን ሰው ያፍርበታል፤ እኔ ግን ዋናው ጥያቄ ይመስለኛል። መንጋጋው ብዙ ጊዜ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚመጣ ፊት መለወጡ አይቀርም። አገጩ ወደኋላ የገባ ሰው ሊያምርበት ይችላል። ከንፈሩ ቀድሞም ወጣ ያለ ሰው ግን ላይወደው ይችላል። ለዚህ መላ አለ፤ ሐኪሙ መንጋጋዎቹን በመጠኑ አዙሮ አገጩን ከከንፈሩ ይበልጥ ሊያስወጣው ይችላል። ዕቅዱን በኮምፒውተር እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ጥርስዎ አስቀድሞ በሽቦ መስተካከል ያስፈልገው እንደሆነም ይጠይቁ፤ ካስፈለገ ወራት ይወስዳል።

መደንዘዙን አቅልሎ ማየት። የታችኛው ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛሉ። አብዛኛው በወራት ውስጥ ይሻሻላል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ሳይጠፋ ይቀራል። ከመፈረምዎ በፊት ይህን በደንብ ያስቡበት። ለሳምንታት ቆሎና ጥብስ የለም፤ ቀጭን ሽሮ፣ አጥሚትና ሾርባ ይለምዱ።

አፕኒያን ከሰመመን ሐኪሙ መደበቅ። ጠንካራ ማስታገሻና የእንቅልፍ ክኒን ትንፋሽን ያዳክማሉ። መጠጥም እንደዚያው። ሲፓፕ ካለዎት ይዘውት ይሂዱ።

ማንኮራፋቱ ቆመ ብሎ ጉዳዩን መዝጋት። ድምፁ ቢጠፋም የትንፋሹ መስተጓጎል ሊቀጥል ይችላል። ከጥቂት ወራት በኋላ የእንቅልፍ ምርመራው ይደገም። ሐኪምዎ በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ እስኪወስን ድረስ የሲፓፕ መሣሪያውን ለማንም አይስጡ። ኪሎ ከጨመሩም አፕኒያው ሊመለስ ስለሚችል እንደገና ይመርመሩ።