ባትሪው ሙሉ ነው፤ ታዲያ ሞተሩ ለምን ተነሳ?

ባለፈው ጥር አንድ ዘመዴ በማለዳ ደወለልኝ። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ (በሶኬት የሚሞላ ባትሪም የቤንዚን ሞተርም ያለው መኪና) ከገዛ ገና ወሩ ነበር። «ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው አደረ። ባትሪው ሙሉ ነው ይላል። ገና ከደጅ ሳልወጣ ሞተሩ ተነሳ። ሸወዱኝ መሰለኝ!» አለኝ። ሄጄ አየሁት። የፓራብሬዛውን ውርጭ የሚያቀልጠው ቁልፍ ተጭኗል፤ መብራቷም ቦግ ብላለች። አጠፋኋት። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ዝም አለ። ዘመዴም ዝም አለ።

መካኒክ ጋ ከመደወላችሁ በፊት መኪናውን ምን እንዳዘዛችሁት እዩ። (ሞተር የምለው ቤንዚን የሚጠጣውን ነው።)

በብርድ ቀን ይነሳል

በአብዛኛው ምክንያቱ ሙቀት ነው። የቤንዚን ሞተር ሲሠራ ብዙ ሙቀት ይተርፈዋል፤ ውስጡን የሚያሞቀው በዚያ ነው። በባትሪ ስትነዱ ግን ይህ ትርፍ የለም። የቶዮታዎቹ ፕሪየስ ፕራይምና ራቭ4 ፕራይም ለዚህ ሂት ፓምፕ (ከውጪው አየር ሙቀት ስቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ማሞቂያ) አላቸው፤ ውጪው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ ግን አቅም ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይነሳል። ቼቭሮሌት ቮልት ደግሞ በቅዝቃዜ ምክንያት እንደተነሳ ስክሪኑ ላይ ጽፎ ይነግራችኋል።

መፍትሄው፦ መኪናው ከሶኬት ሳይነቀል ውስጡን ቀድማችሁ አሙቁት። መንገድ ላይ የወንበርና የመሪ ማሞቂያ ተጠቀሙ፤ የሚበሉት ትንሽ ነው። ፓራብሬዛውን በመፋቂያ ፋቁት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ግን በጉም በተሸፈነ መስታወት እንዳትነዱ፤ ያኔ ቁልፉን ተጫኑት፣ ሞተሩም ይነሳ።

አንዴ ከተነሳ ወዲያው አይጠፋም። ራሱም የጭስ ማጣሪያውም መሞቅ አለባቸው። የኢቪ ቁልፉን (በባትሪ ብቻ ሂድ የሚለውን) ደጋግሞ መጠቅጠቅ ምንም አያመጣም። ትንሽ ታገሱት።

ሃይዌይ ላይ ይነሳል

እንደ ሞዴሉ ነው። የ2012ቱ ፕሪየስ ፕለግ-ኢን በባትሪ ብቻ የሚሄደው እስከ 62 ማይል በሰዓት ነበር። የ2017ቱ ፕራይም እስከ 84 ድረስ ይሄዳል። የቆየውን የገዛችሁ ከሆነ ብልሽት አይደለም፤ ፍጥነት ቀንሱ።

በሞቃት ቀንም ሥራውን አያቆምም

ሞዱን (የአነዳድ ምርጫውን) እዩ። ፕሪየስ ፕራይም ላይ የኢቪ/ኤችቪ ቁልፉን (ከባትሪ ብቻ ወደ ሃይብሪድ የሚቀይረውን) ተጭናችሁ ከያዛችሁት ሞተሩ ባትሪውን ወደ መሙላት ይገባል። ልጆች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ከነበረ ይሄ ይከሰታል!

ተሰክቶ አደረ፤ ባትሪው ግን አልሞላም

መጀመሪያ የቻርጅ ሰዓቱን እዩ። የቀድሞው ባለቤት ለሌላ ሰዓት ቀጥሮት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሶኬቱን። በ120 ቮልት የ2017ቱ ፕራይም ባዶው ባትሪ (8.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው) ለመሙላት 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ሁለት ሰዓት ሰክቶ «አይሞላም» ማለት አይቻልም። ሶኬቱን ስትነኩት ካቃጠላችሁ ንቀሉት፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። በኤክስቴንሽን ገመድ አትሰኩ።

ባትሪው አልቋል ይላል፤ ግን ቀስ ስል ሞተሩ ይጠፋል

ጤነኛ ነው። ባትሪው ውስጥ ትንሽ መጠባበቂያ ኃይል ይቀራል፤ መኪናው ከዚያ በኋላ እንደ ተራ ሃይብሪድ ይሠራል።

ለሳምንታት ቤንዚን አልነካሁም፤ በድንገት ተነሳ

ቼቭሮሌት ቮልት ሞተሩ ስድስት ሳምንት ገደማ ሳይነሳ ከቆየ ራሱ ያስነሳዋል፤ ዘይቱ እንዲዞር ነው። ነዳጁ ዓመት ገደማ ከቆየም እንዲቃጠል ያደርጋል። ተዉት ይጨርስ። ነዳጅ የምትነኩት አልፎ አልፎ ከሆነ ታንኩን ሙሉ አትሙሉ።

መቼ ጋራዥ?

የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ፣ ወይም መኪናው ጭራሽ «ሬዲ» (ለመሄድ ዝግጁ ነኝ) ካላለ። ሁለተኛው ላይ መጀመሪያ ትንሹን የ12 ቮልት ባትሪ አስፈትሹ፤ እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ብርቱካናማዎቹን ገመዶች ግን አትንኩ፤ ገዳይ ኤሌክትሪክ ነው ያለባቸው። ለሃይብሪድ የሠለጠነ መካኒክ ይክፈታቸው።