መርዙ ያለው ጭቃው ላይ ነው፦ ከወርቅ ማውጫ በታች የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ጀማሪ ባለሙያ ከወርቅ ማውጫ በታች ካለ ወንዝ የቀዳውን ውሃ ይዞልኝ መጣ። በሃይላንድ ጠርሙስ። ውሃው ጥርት ብሏል። «ይኸው፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። መቼ ቀዳኸው? ስለው «ጥር» አለ። ደግ ልጅ ነው፤ ስለዚህ አልጮህኩበትም። እዚህ ልጩህ።

በበጋ ቀድቶ «ወንዙ ደህና ነው» ማለት

ይህችን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየኋት መቁጠር ትቻለሁ። ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚወጣው ወርቅ ጥቂት ግራም ነው። የቀረው ተፈጭቶ እንደ ዱቄት የላመ ዝቃጭ ሆኖ ይከመራል። አርሰኒኩ፣ እርሳሱ፣ በባህላዊ መንገድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሜርኩሪው እዚያው ይቀራል። ክምሩ በበጋ ዝም ብሎ ይተኛል። ዝናብ ሲመታው ግን ጎርፉ ቶሎ ጠርጎ የሚወስደው ያንኑ የላመውን ነው። ከባድ ብረታ ብረቶችም የሚጣበቁት በብዛት ደቃቁ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ አብዛኛው መርዝ የሚጓዘው ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ሳይሆን ጭቃው ላይ ተሳፍሮ ነው። ጥር ላይ መቅዳት ማለት በሌሊት ባዶ መናኸሪያ ሄዶ «በዚህ ከተማ መንገደኛ የለም» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ነው።

እኔም ጽፌያለሁ። ጉጂ ውስጥ፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ዝናብ ማለት ሐምሌና ነሐሴ ይመስለኝ ነበር። የጉጂ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት መሆኑን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ሐምሌ ላይ ስደርስ ወንዙ ኩልል ብሎ ይፈሳል። ከብት ሊያጠጡ የመጡ አንድ አዛውንት ጠርሙሴን አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ቡና ሲመስል የት ነበርክ?» አሉኝ።

ከደረቁ ወራት በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያውን ትልቅ ዝናብ ጠብቁ። ውሃው እየደፈረሰ ሲመጣ ገመድ ባሰራችሁበት ባልዲ ቅዱ፤ ወንዙ ውስጥ እንዳትገቡ። ሲጎድል ደግሞ ዳር ላይ የተኛውን አዲስ ደለል ከላይ ከላዩ አንሱ። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አትቆፍሩ፣ ከስር ያለው የዘንድሮ አይደለም።

አጣርቶ ብቻ መላክ

ድፍርሱን ውሃ ያጣሩታል። ወንጀለኛው ማጣሪያው ላይ ይቀራል፣ ማጣሪያው ቅርጫት ይገባል፣ ላቦራቶሪው «ነጻ» ብሎ ያሰናብተዋል። ሁለት ጠርሙስ ያዙ፤ አንዱ የተጣራ፣ አንዱ ያልተጣራ። ብረቱ ከውሃው እንዳይለይ የሚጨመረውን ናይትሪክ አሲድ ለሚጣራው ከማጣራት በፊት አትጨምሩ፤ ጭቃው ላይ ያለውን ያሟሟዋል። ለሜርኩሪ መስታወት ያዙ። ሃይላንዱን ለምንም።

ከማውጫው በላይ አለመቅዳት

ወርቅ ያለበት አገር ዓለቱ ራሱ አርሰኒክ ሊኖረው ይችላል። ማነጻጸሪያ ከሌላችሁ የድርጅቱ ጠበቃ በአምስት ደቂቃ ያሰናብታችኋል።

ክምሩ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል

ፓይራይት (ብረትና ድኝ የያዘ ማዕድን) ያለበት ዝቃጭ አየርና ውሃ ሲያገኝ አሲድ ያወጣል። ችግኙ ይደርቃል። ቢተርፍም ባሕር ዛፍ ስሩ ሣር አያስበቅልም፤ ዝናቡ ባዶውን መሬት እንደልቡ ይደበድበዋል። መጀመሪያ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ አዙሩት። ከዚያ ክምሩን ንጹሕ አፈር አልብሱት። ከዚያ ሣር፤ ቬቲቨር አሲዱንም ብረቱንም ይችላል። ዛፍ መጨረሻ ነው። ለፎቶ ችግኝ እንደሚሻል አውቃለሁ።

ግድቡ እስኪደረመስ መጠበቅ

ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 2015 የፈንዳዎ ዝቃጭ ግድብ ሲደረመስ 19 ሰዎች ሞቱ፤ ጭቃው በዶሴ ወንዝ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ገባ። ያንን ዓለም አየው። በየዝናቡ ትንሽ ትንሽ የሚሸረሸረውን ክምር ግን ማንም አይቀርጸውም።

የክትሩን ደለል ጓሮ መውሰድ

ይህኛው ሆዴን ይበላዋል፤ ምክንያቱም ያስተማርናቸው እኛ ነን። በየተፋሰሱ እየዞርን «ክትር (ጎርፍ የሚያግት ትንሽ የድንጋይ ግድብ) ሥሩ፣ ከኋላው የሚጠራቀመው ደለል ለም አፈር ነው» ስንል ኖረናል። እውነት ነው፣ ከእርሻ የመጣ ደለል ከሆነ። አንድ ቦታ ላይ ከዝቃጭ ክምር በታች ክትር አሠራን፤ ደስ ብሎን ተመለስን። ደለሉ ምን እንደሆነ ለማንም አልነገርንም። በዓመቱ ስንመጣ እናቶች በጆንያ እየተሸከሙ ጎመን ተክለውበታል። ክትሩ ሥራውን ሠርቷል፤ መርዙን ይዞታል። እኛ ነን ወደ ቤት ያስገባነው። አሁን ክትር ሲሠራ ደለሉ በማን፣ የት እንደሚቀበር ሳይወሰን ድንጋይ አላስነሳም።

ያንን ደለል ከጓሮ ለጓሮ እየዞርን ለማውጣት አምስት ቀን ፈጀብን። ጎመኑን ስንነቅል አንዲት እናት አጠገቤ ቆመው ዝም ብለው ያያሉ። መልኩ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር።