ኢንዶስኮፒው «ምንም የለም» ሲል፣ ደሙ ግን ካልቆመ

ምልክቱ፦ ሰገራ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፣ ወይም ደም ይታይበታል። አንዳንዴ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ሰውየው ይደክመዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሲመረመር የአይረን እጥረትና የደም ማነስ ይገኝበታል። ደም የሚያስመልስ፣ ራስ የሚያዞር ወይም የሚያስት ከሆነ ግን ንባቡ ይቆይ፤ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

መጀመሪያ አሳሳቹን እንለይ። የአይረን እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል። የደሙ ጥቁረት ግን ያብለጨልጫል፣ ይጣበቃል፣ ሽታውም ከባድ ነው።

ኢንዶስኮፒም (በአፍ የሚገባ የካሜራ ምርመራ) ኮሎኖስኮፒም (በፊንጢጣ የሚገባው) ንጹህ ከሆኑስ? በአፍ የሚገባው መሣሪያ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይቆማል። ከታች የሚገባው ትልቁን አንጀት አይቶ ይመለሳል። በመሀል ሜትሮች የሚረዝመው ትንሹ አንጀት አልታየም። ስለዚህ «ምንም የለም» የተባለው ስለታየው ክፍል ብቻ ነው። የታየውም ቢሆን አንጀቱ በደንብ ሳይጸዳ ከሆነ፣ ወይም ቁስሉ ያን ቀን መድማቱን ካቆመ ሊያመልጥ ይችላል። ምርመራው ይደገም ሲባል ብር ለመብላት ነው ብላችሁ አትጠርጥሩ።

መንስኤው በአብዛኛው ከእድሜ ጋር ይሄዳል። በእድሜ በገፉ ሰዎች አንጀት ላይ የሰፉና በቀላሉ የሚደሙ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ የኩላሊት ድካም ወይም የልብ ቫልቭ ጥበት ካለ ደግሞ ይብሳል። በወጣቶች የክሮን በሽታ (አንጀትን የሚያቆስልና የሚያጠብ)፣ አብሮ የተወለደ የአንጀት ከረጢት ወይም ዕጢ ይፈለጋል። የመንጠቆ ትልም (ሁክዎርም) ከአንጀት ደም ይመጥጣል።

በየትኛውም እድሜ መረሳት የሌለበት የሕመም ማስታገሻ ነው። ሐኪም «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲል ብዙ ሰው «የለም» ይላል። ለወገቡ በየቀኑ የሚውጠውን ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን መድኃኒት ብሎ አይቆጥረውም። እባካችሁ ተናገሩ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ቀጣዩ እርምጃ የካፕሱል ካሜራ ነው። 2.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እንክብል ይዋጣል፤ አንጀት ውስጥ እየተጓዘ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ያነሳና ከሰገራ ጋር ይወጣል። ደም በታየ በ2 ቀን ውስጥ ቢሠራ ምንጩን የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል፤ ሳምንታት ካለፉ ቁስሉ ሊድን፣ ፍንጩም ሊጠፋ ይችላል። ሆዳችሁ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላችሁ የምታውቁ ወይም ክሮን ያለባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አንጀቱ የጠበበበት ቦታ ካለ ካፕሱሉ ሊቀረቀር ይችላል። ደሙ አሁን በብዛት እየፈሰሰ ከሆነ ግን ካፕሱል አይጠበቅም፤ የደም ሥር ሲቲ ስካን ይቀድማል።

ምንጩ ከተገኘ መፍትሄው እንደየመንስኤው ነው። የሚደማው የደም ሥር ባለ ፊኛ ኢንዶስኮፒ (በፊኛ እየታገዘ ወደ ትንሹ አንጀት የሚዘልቅ) ገብቶ በሙቀት ይተኮሳል። ማስታገሻው ይቆማል፣ ትሉ በመድኃኒት ይወጣል፣ ከረጢቱና ዕጢው በቀዶ ሕክምና ይነሳሉ። የጎደለው አይረንም ይተካል።

ካፕሱሉም ምንም ካላገኘና ደሙ ከተመለሰ፣ እስኪቆም አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሂዱ፤ የሰገራውን ፎቶ በስልካችሁ ያዙ፣ የምትውጡትንም ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።