ያለ ሽቦ ኃይል የሚያስተላልፍ ሞጁልን በታሸገ መብራት ውስጥ ለመጠቀም

ውኃ የማያስገባ መብራት ለመሥራት ለሚነሣ ሰው ትልቁ ፈተና የቻርጀር መሰኪያው ቀዳዳ ነው፤ የቱንም ያህል በጎማ ቢደፈን ውሎ አድሮ እርጥበት የሚገባው በዚያው ነው። ቀዳዳውን ጨርሶ ለማስቀረት ጥንድ ሆነው የሚሸጡትን፣ ያለ ሽቦ ኃይል የሚያስተላልፉ ትንንሽ ሞጁሎች (ተሠርተው ያለቁ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) መጠቀም ይቻላል። ከእነዚህ በብዛት የሚገኙት 12 ቮልት የሚቀበል ላኪና 5 ቮልት የሚያወጣ ተቀባይ ናቸው። ላኪው ከአዳፕተሩ ያገኘውን ቀጥተኛ ኮረንት ወደ ተለዋዋጭ ለውጦ በመዳብ ጥቅሉ ውስጥ ሲያሳልፈው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳሳየውም ይህ ተለዋዋጭ መስክ ትይዩ በተቀመጠው ጥቅል ላይ ቮልቴጅ ያስነሣል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ተቀባዩን እንደ ባትሪ ቻርጀር በመቁጠር ነው። ተቀባዩ ኃይል ሰጪ ብቻ ስለሆነ የሊቲየም ባትሪን በቀጥታ ከእርሱ ጋር ማገናኘት አደገኛ ነው፤ በመካከል ባትሪውን በ4.2 ቮልት ላይ የሚያቆም እንደ ቲፒ4056 ያለ የቻርጅ ሰሌዳ ሊኖር ይገባል። ይህም ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ የኮረንቱን መጠን በሚወስን የ1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለ1 አምፔር ተስተካክሎ ስለሚሸጥ፣ 500 ሚሊአምፔር አካባቢ ብቻ ከሚሰጥ ትንሽ ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ቮልቴጁን ያወርደዋል። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ጠቋሚ መብራቱ እየበራ እየጠፋ ሌሊቱን ሙሉ ሳይሞላ ያደረው በዚህ ምክንያት ነበር። ያንን ሬዚስተር ነቅዬ 3.9 ኪሎ ኦም ስበይድበት ኮረንቱ ወደ 300 ሚሊአምፔር ዝቅ አለ፤ ለ500 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪም ይህ ተስማሚ መጠን ነው።

ሳጥኑን ከማሸግዎ በፊት ርቀቱን በሚገባ ይፈትሹ፤ ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። በተቀባዩ መውጫ ላይ 20 ኦም የሆነና 5 ዋት የሚችል ሬዚስተር ያገናኙ፤ በ5 ቮልት ላይ 250 ሚሊአምፔር ይስባል። ከዚያ የሳጥንዎን ፕላስቲክ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል አስገብተው ቮልቴጅ የሚለካውን መልቲሜትር እያዩ የላይኛውን ጥቅል ወደ ጎን ቀስ እያሉ ያንሸራትቱ። መሃል ለመሃል ሲገጥሙ የቆመው ቁጥር ጥቂት ሚሊሜትር ሲዛነፉ እንዴት እንደሚወርድ በዓይንዎ ያያሉ። ከ4.5 ቮልት በታች ከወረደ ግድግዳውን ማሳሳት ወይም ጥቅሉን ማቅረብ ያስፈልጋል እንጂ፣ የላኪውን ቮልቴጅ ከተጻፈበት በላይ መጨመር መፍትሔ አይሆንም።

ባትሪው ከጥቅሉ ጀርባ የሚቀመጥ ከሆነ በመካከላቸው የፌራይት (መግነጢሳዊ መስክን የሚከላከል ቁስ) ንጣፍ ይለጥፉ፤ አለዚያ መስኩ በባትሪው ሽፋን ብረት ላይ ኮረንት እያስነሣ ያሞቀዋል። የአሉሚኒየም ሳጥን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ያለ ሽቦ የሚሠሩት የስልክ መሙያዎች የሚከተሉት ቺ (Qi) የተባለው ደረጃ ያለው፣ በመካከል የገባ ብረትን የሚለይ ጥበቃ በእነዚህ ርካሽ ሞጁሎች ላይ ስለሌለ፣ በላኪው ላይ ቁልፍ ወይም ሳንቲም እንዳይቀመጥ ይጠንቀቁ። ተቀባዩም በስልክ መሙያው ላይ አይሠራም፤ መሙያው ኃይል ከመስጠቱ በፊት ከተቀባዩ ምልክት ይጠብቃልና።

በመጨረሻ ተቀባዩን ጥቅል ከሳጥኑ ወለል ጋር ክፍተት ሳይተዉ ያጣብቁ፤ በውጭ በኩልም የጥቅሉን ክብ በማይለቅ ቀለም ያስምሩ። ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ለአንድ ሰዓት ቻርጅ ያድርጉና ባትሪውን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቆ ካገኙት ወደ ፌራይቱ ይመለሱ።