ተንጠልጣዩን የጃፓን ሜፕል በግቢያችን እንዴት እናሳድግ?

ተንጠልጣዩ የጃፓን ሜፕል ቅርንጫፎቹ እንደ ጃንጥላ ወደ ታች የሚወርዱ ትንሽ የጌጥ ዛፍ ነው። የመጀመሪያዬን የገደልኩት በውሃ ነው። ለገጣፎ፣ ዋልካ አፈር ላይ፣ ሰው ሁሉ አረንጓዴ አሻራ ብሎ ሲወጣ እኔም ሐምሌ ላይ ተከልኩት። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ጠወለገ። ጠምቶት ነው ብዬ ጭራሽ ውሃ ጨመርኩለት። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል፤ በጣቴ ስነካው ልጣጩ እንደ እርጥብ ወረቀት ተላቀቀ።

ስለዚህ ከችግኙ በፊት አፈሩን እንፈትን። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። ሲመጥ ደግማችሁ ሙሉት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እዚያው ተኝቶ ካገኛችሁት ጉድጓዱን ተዉት። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድራችሁ፣ ቀይ አፈርና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅላችሁ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። እንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ከዚህ ጣጣ ተገላገላችሁ።

ቦታው የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ይሁን፤ የቤቱ ምሥራቅ በኩል ጥሩ ነው። ቆርቆሮ አጥር ሥር አትትከሉት፣ ሙቀቱ የቅጠሉን ጫፍ ይጠብሰዋል። ባሕር ዛፍ አጠገብም አይሆንም።

ችግኙ በቀላሉ አይገኝም። ከውጭ አመጣለሁ ካላችሁ የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ በሻንጣ ደብቆ ማምጣት በሽታ መጋበዝ ነው። እንደ አቮካዶ በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለውን ፈልጉ። ከዘር የበቀለው እናቱን አይመስልም።

እኔ ሁለተኛውን መስከረም መጨረሻ ላይ ተከልኩት። ጉድጓዱ የሥሩን እጥፍ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ፤ ግንዱ ሥር የሚጀምርበት ቦታ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። ከዚያ ዙሪያውን ደረቅ ሣር ወይም የቡና ገለባ አልብሱት። ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ይህ ልብስ ብዙ ይጠቅመዋል። ግንዱን ግን አይንካ።

በበጋ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት ሁለት ጊዜ አርኩት። መጀመሪያ ግን ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ፤ ከርጠበ ተዉት። ክረምት ላይ ውሃ ማጠጣቱን እርሱት።

ከተዳቀለበት ቦታ በታች ቀጥ ብሎ የሚወጣ ለምለም ቀንበጥ ካያችሁ ወዲያው ቁረጡ። የሥረኛው ግንድ ነው፤ ከተዋችሁት የላይኛውን ይውጠዋል። ሌላ መግረዝ ብዙም አይፈልግም። የደረቀውን ካነሳችሁ፣ ጃንጥላውን ራሱ ይዘረጋል።

አገሩ ክረምቱ በረዶ ነው፤ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። እኛ ጋ ብርዱ ስለማይበቃው ቅጠሉ በአንዴ ላይረግፍ ይችላል። ሱሉልታን የመሰለ ብርዳማ ቦታ ይሻለዋል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋ ቅጠሉን እንዳያቃጥል ግን ማታ ማታ ጆንያ ጣል አድርጉበት። የእኔው አሁን ወገቤ ጋ ደርሷል። ሦስት ዓመቱ ነው።