ጀሪካኔ ቤንዚን መትፋቷን እንዴት እንዳስቆምኩ

ቤት ያለችን ትንሽ ጄኔሬተር መብራት ሲጠፋ ታገለግለናለች። ጣጣው መሙላቱ ላይ ነበር። አዲስ የገዛኋት የፕላስቲክ ጀሪካን አፏ ላይ ስፕሪንግ ያለው መዝጊያ አላት። ካልተጫኗት አትቀዳም። ሲጫኗት ደግሞ ቡልቅ ቡልቅ እያለች ትተፋለች፤ ግማሹ ሱሪዬ ላይ። በዚህ በድሬ ሙቀት እንደ ፊኛ ትነፋለች።

መጀመሪያ እምቡቶ ሞከርኩ። ያው ነው፣ ሞልቶ ፈሰሰ። ቀጥሎ በቱቦ በአፌ ሳብኩ፤ ቤንዚን ቀመስኩ። እባካችሁ እንዳትሞክሩት፣ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው። ጎረቤቴ «በጋለ ምስማር ብሳት» አለኝ። ቤንዚን የነበረበት ዕቃ ላይ የጋለ ብረት? ይቅርብኝ!

ነገሩ የአየር ነው። ለአየሩ የራሱ መግቢያ ስለሌለው በዚያው ቀዳዳ ከሚወጣው ቤንዚን ጋር ይጋፋል።

መፍትሄው ቀፊራ ገበያ ተገኘ፦ አሮጌ ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን፣ ባለ ሦስት እጀታው፣ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠሩት ዓይነት። አንገቱ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ አለው። ከመግዛቴ በፊት ውስጡን በባትሪ አየሁ፤ ዝገት የለውም። የክዳኑ ጎሚኒ ግን ደርቆ ስለነበር ቤንዚን በሚችል አስቀየርኩት።

አሁን ሞተሩን አጥፍቼ፣ እስኪበርድ ጠብቄ እቀዳለሁ። ያለ ቡልቅታ ይወርዳል። ጀሪካኑን ስሞላ መሬት ላይ አስቀምጬ ነው፤ እስከ አፉም አልሞላውም፣ ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋልና። ፕላስቲኳ ውሃ መያዣ እንዳትሆን ጽፌባታለሁ።