የቮልስ ቫልቭ ሲስተካከል

በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር ቫልቭ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይለካ፤ ያውም ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ብቻ። ለ1600 ሞተር ክፍተቱ (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው) በማስገቢያውም በጭስ ማውጫውም ቫልቭ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው።

ማርሹን ዜሮ አድርጉና የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አንሡ። የፑሌጃው ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ሲገጥም፣ ከክዳኑ ሥር የሚዞረው ሮተርም ወደ 1ኛው ሲሊንደር (በስተቀኝ የፊተኛው) ሲያመለክት ሁለቱን ቫልቮች ለኩ። ፊለር ጌጁ (ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ያዝ እያደረገ መግባት አለበት። ካልሆነ ዳዶውን በ13 ቁልፍ አላሉና ብሎኑን በካቻቪቴ አስተካክሉ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ስለሚዞር እንደገና ለኩ። ፑሌጃውን በግማሽ በግማሽ ዙር ወደ ኋላ ስትመልሱት 2፣ 3፣ 4 በተራ ይመጣሉ።

የላላ ቫልቭ ይንኳኳል እንጂ ቶሎ አይጎዳም። የሚያስፈራው ድምፅ የሌለው ነው፦ ክፍተቱ ሲጠፋ ቫልቩ መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ሙቀቱን ለቴስታታው (ቫልቮቹን ለያዘው የሞተሩ ራስ) ማስተላለፍ አቅቶት ይቃጠላል። በተለይ የ3ኛውን ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ተጠራጠሩ፤ በቆዩት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ይጋርድበታል። የአንዱ ክፍተት ደጋግሞ ከጠበበ ማስተካከሉን ትታችሁ ቴስታታውን አውርዱ።

የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን በአዲስ ቀይሩ፤ ሲሊኮን አያስፈልገውም።